የሰኞው አይ

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች ቅድስት። አፏ ይህን ሲል ዓይኗ ግን ከቂጣው ላይ አልተነሣም።

ሃርፕሪት የዘረጋችላት በፎይል የተጠቀለለ ፓራታ ነበር፤ ሆዱ ድንች የታጨቀበት፣ በቅቤ የተጠበሰ ቂጣ። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም። ቅድስት ጠዋት የቀማመሰችው ዳቦ ከሆዷ ከጠፋ ቆይቷል። ቢሆንም እንዳደገችበት ወግ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

ሁለተኛ ጥያቄ አልመጣም። ሃርፕሪት «ኦኬ» ብላ ቂጣውን ራሷ ገመጠችው።

«ሌላ ነገር ልጠይቅሽ» አለች እያኘከች። «የኔትቦል ቡድናችን አንድ ሰው ጎድሎታል። ስድስት ነን፣ ሰባት መሆን አለብን። ባለፈው በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳስ ስትወረውሪ አይቼሻለሁ። ትገቢያለሽ?»

ቅድስት አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዳር ያለው ትሩጋኒና ሰፈር ከመጣች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ይህን ሁለት ወር የምሳ ሰዓቷን ያሳለፈችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ቃላቸው የማይገባትን መጻሕፍት ሥዕል እያየች ነው። ደብረ ብርሃን ሳለች የትምህርት ቤቷ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ኔትቦል ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም እንጂ መቀባበሉም ቅርጫቱም አለ። በዚያ ላይ የጠየቀቻት ሃርፕሪት ናት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ስሟን አስተካክላ የምትጠራት እሷ ብቻ ነች።

«አይ፣ እኔ እኮ ጎበዝ አይደለሁም» አለች ቅድስት።

እንግዲህ ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል። «ኧረ ባክሽ አትግደርደሪ» ትባላለች። «እውነቴን ነው» ትላለች። ከዚያ ክንዷን ይዘው ይጎትቷታል፤ እሷም እየተጎተተች፣ እየሣቀች ትገባለች። ሃርፕሪት ግን ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ችግር የለም» አለች። ፊቷ ላይ ቅያሜ የሚባል ነገር አልነበረም። ደወሉም ተደወለ።

ማክሰኞ ቅድስት ለመጠየቅ እንድትመች ሆና ዋለች። ሃርፕሪት በምታልፍበት ኮሪደር ሦስት ጊዜ አለፈች። የጂሙ በር አጠገብ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች፤ ክሩ ግን አልተፈታም ነበር። ረቡዕም ጫማዋ እዚያው በር ላይ ታሰረ። ሃርፕሪት «ሃይ ቅድስት» ብላ፣ ኳሷን በብብቷ ይዛ እብስ አለች።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ስድስት ስም ተጽፎበታል፤ ሰባተኛው መስመር ባዶ ነው። ከሥሩ የስፖርት መምህርቷ «ዓርብ ከምሳ በኋላ ይነሣል» ብላ ጽፋለች። ሐሙስም መስመሩ ባዶ ነበር። ቅድስት እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ መልሳም ከተተችው። ሳይለምኗት? «አይ» ባለችው ነገር ላይ ራሷ ሄዳ ስሟን ልትጽፍ? እናቷ ብታይ ምን ትላለች?

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጋሼ ተስፋሚካኤል መኪና ደጃፍ ቆሟል። ጋሼ ተስፋሚካኤል በሱዳን አድርገው ሜልበርን ከገቡ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን አስኮት ቬል የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እሁድ እሁድ እነ ቅድስትን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው እሳቸው ናቸው። የዛሬው አመጣጣቸው የማሞቂያ ምድጃ ለመስጠት ነበር፤ ሐምሌ እዚህም ሐምሌ ነውና።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ ጋሼ፣ ምግብ ደርሷል» ትላለች እናቷ አዜብ።

«ኧረ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ምንቸት አብሽ ነው እኮ፣ ትንሽ ብቻ።»

«አይ ልጄ፣ መንገድ አለብኝ። አታስቸግሪኝ።»

«በሞቴ። ዛሬ ባይበሉ እቀየማለሁ።»

«ተይ እንጂ አዜብ።»

«አፈር ስሆን ጋሼ።»

ጋሼ ተስፋሚካኤል «እንግዲህ ካልሽ» ብለው ኮታቸውን አወለቁ። ሁለት ሳህን በሉ።

ቅድስት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ታያቸዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የእናቷን ልመና በጣቷ ቆጠረችው። በድንገት ሣቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?» አለች እናቷ።

ቅድስት የሰኞውን ነገር አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ፓራታውን፣ ኔትቦሉን፣ ጫማውን። እናቷ ግራ ገባት። «ታዲያ ምን አጠፋሽ? ጨዋ ልጅ እንደዚያ ነው የምትመልሰው።»

ጋሼ ተስፋሚካኤል ግን የጎረሱትን ለመዋጥ እስኪቸገሩ ሣቁ። «እኔንም አግኝቶኛል» አሉ ውኃ ተጎንጭተው። «የመጀመሪያ ሥራዬ ብስኩት ፋብሪካ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ ኬክ ይዘው ይዞራሉ፤ የሰው ልደት አያልቅባቸውም። እኔ 'አይ፣ አመሰግናለሁ' እላለሁ፤ ሳህኑ በአፍንጫዬ ሥር ያልፋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ። በልቤ 'ምነው እነዚህ ሰዎች እንዲህ ጨከኑ' እላለሁ። ለካ እነሱ 'ይሄ ሰውዬ ጣፋጭ አይወድም' ብለው ጨርሰዋል። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ አዝናልኝ ካሮት ታመጣልኝ ጀመር።»

«ካሮት?»

«ታጥቦ፣ ተልጦ። እሱንም 'አይ' አልኳት።»

እናቷም ሳትወድ ሣቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ከበድ አለ። «ታዲያ ምን ይሁን ጋሼ? ልጄ ገና ሳይጨርሱ ዘላ እሺ ትበል? ዓይነ ደረቅ ትሁን?»

«እኔ እንደዚያ አልወጣኝም። አሁን አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ 'ብሉ' ብለሽኝ ዝም ብትዪ ኖሮ ተቀይሜሽ እሄድ ነበር።» እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። «እዚህ ቤት እንደዚህ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ነው። ሰዎቹ 'አይ' ስትያቸው ያምኑሻል።»

ቅድስት «ኬኩን ታዲያ መጨረሻ ላይ በሉት?» አለች።

«ሄጄ ነገርኳቸዋ። እንግሊዝኛዬ ሦስት ቃል ነበር። 'እኔ፣ ኬክ፣ እወዳለሁ' አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትልቁ ቁራጭ የኔ ሆነ። ስኳሬም የመጣው ከዚያ ነው መሰለኝ።»

ዓርብ ጠዋት ቅድስት ከቤት ስትወጣ በሩ አጠገብ ባለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት አማተበች። የጠየቀችው ብዙ አልነበረም፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ከአፏ እንዲወጣላት ብቻ። አውቶቡስ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን በሆዷ ደጋግማ አጠናችው።

ምሳ ሰዓት ላይ እስክሪብቶዋን ይዛ ጂሙ በር ደረሰች። ሰባተኛው መስመር ላይ በሰማያዊ ቀለም «ኤማ» ተጽፏል።

ቆመች። ኤማ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም። አንድ ጊዜ ጠይቀዋት አንድ ጊዜ «እሺ» ብላ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ በስተቀኝ ነው፤ ወንበሯም መስኮቱ ሥር ይጠብቃታል። በስተግራ ደግሞ ሜዳው አለ። ሃርፕሪት አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ፎይሏን ስትፈታ ከሩቅ ትታያለች።

ቅድስት እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችና ወደ ግራ ታጠፈች።

«ሰኞ 'አይ' ያልኩሽ» አለች ገና ሳትቀመጥ፣ ያጠናችው እንዳይጠፋባት፣ «'አዎ' ማለቴ ነበር።»

ሃርፕሪት ማኘኳን አቆመች። «ምን?»

«እኛ አገር መጀመሪያ ሲጠይቁሽ 'አይ' ትያለሽ። ሁለተኛ ሲጠይቁሽም 'አይ' ትያለሽ። 'እሺ' የምትዪው ሦስተኛው ላይ ነው። አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሽኝ። እስካሁን ስጠብቅሽ ነበር።»

«ቆይ ቆይ። ጂሙ በር ላይ ጫማሽን ስታስሪ የነበረው ለዚህ ነው?»

«አልተፈታም ነበር።»

ሃርፕሪት ሣቋ ሲመጣ ፓራታው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አያቴ እኮ ልክ እንደዚህ ናት። ሰው ቤት ሄዳ ሻይ ሲሰጧት 'አልፈልግም' ትላለች፤ ካልለመኗት ደግሞ መኪና ውስጥ ሙሉውን መንገድ ታማቸዋለች። እኔ የአሮጊቶች ነገር ነበር የሚመስለኝ።»

«አሮጊት ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«ትንሽ።»

ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ ሃርፕሪት ወደ ጂሙ በር ዞር ብላ አየች። «ኤማን እኮ ትናንት ከትምህርት በኋላ አስገባናት። ባውቅ ኖሮ...»

«አይቻለሁ» አለች ቅድስት።

«ልምምድ ግን አለን፣ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት። ሰባት ሆነን ለሁለት መከፈል አይሆንም፤ ስምንት ብንሆን አራት ለአራት ነው። ደግሞ ሁሌ አንድ ሰው ይታመማል። አሁን ትመጫለሽ?»

«አይ፣ እናንተን እንዳላስቸግር» የሚለው ነገር ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተጓዘበት መንገድ ነውና ማንም ሳይጠራው መጣ። ቅድስት ምራቋን ዋጠች፤ እሱም አብሮ ወረደ።

«እመጣለሁ» አለች።

ሃርፕሪት ፓራታውን ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ሳንገባ ብይ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

ሃርፕሪት ዓይኗን አጥብባ አየቻት። እጇን አልመለሰችም። «ይሄ የትኛው አይ ነው? የሰኞው ነው?»

«አይደለም። ይሄ እውነተኛው ነው» አለች ቅድስት እየሣቀች። «ዛሬ ዓርብ ነው፣ እንጾማለን። ቂጣሽ ደግሞ ቅቤ አለው።»

«እና እኔ በምን ልለያቸው ነው?»

ሜዳው ላይ ሌሎቹ ልጆች መሰባሰብ ጀምረዋል፤ ኤማም ጸጉሯን እያሰረች ትመጣለች። ነፋሱ የፎይሉን ጫፍ ያንኮሻኩሻል።

«ሰኞ ጠይቂኝ» አለች ቅድስት።

«ስንት ጊዜ?»

ቅድስት የሃርፕሪትን ኳስ ከወንበሩ ሥር አወጣችና ቀድማት ተነሣች።

«አንዴ ይበቃል።»