ግሪሳ የማይፈራው ሰው

ይህ ተረት አይደለም። ወላሂ በዓይኔ ያየሁት ነው! ያላመነ ወረታ ወርዶ አጎቴን ይጠይቃቸው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ተኩል፣ ፀሐይ ጣና ላይ ልትጠልቅ ስትል...

እኔ ከተማ ውስጥ፣ ዓባይ ማዶ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ከጭቃና ከወፍ ጋር ምን አገናኘኝ? ግን አጎቴ ሙሀመድአወል ደወሉልኝ። "ተስኒም፣ ግሪሳው ሩዙን ሊጨርሰው ነው። ድረሽልኝ" አሉ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሱቄን ዘግቼ ሄድሁ።

ግሪሳን ለማታውቁት፣ ትንሽ ወፍ ነው። ሲመጣ ግን ደመና ነው። ቀን ሩዙን ሲበላ ይውልና ሐይቁ ዳር ከሰው በሚረዝመው ሣር፣ ደንገል ውስጥ ያድራል። የዚያን ቀን መድኃኒት ረጪዎች መጥተዋል፤ ወፉ ሲሰፍር ማደሪያው ላይ ሊረጩ።

አጎቴ ማደሪያውን ሊያዩ ደንገሉ ውስጥ ገቡ። ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ጅራፋቸውን ይዘው።

"አንዴ ካጮኽሁ ገና ውስጥ ነኝ። ሁለቴ ካጮኽሁ ወጥቻለሁ" አሉኝ። "ሁለቴ ሳትሰሚ እንዳይረጩ። መርዝ ነው!"

"ኧረ ገብቶኛል! ሕፃን አደረጉኝ እንዴ?"

"የከተማ ልጅ አይደለሽ" ብለው ሳቁ።

ጠበቅሁ።

ፀሐይዋ ገባች። ጅራፍ የለም...

ዞር ስል አጎቴ ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

ተናደድሁ። እኔ እዚህ በጭንቀት ልሙት፣ እሳቸው እዚያ ይዝናናሉ!

"ሰውዬው ወጥተዋል?" አለኝ የረጪዎቹ አለቃ ኢስሀቅ።

"ያውልህ፣ ማማው ላይ።"

ረጪዎቹ ጭምብላቸውን አጥልቀው ወደ ደንገሉ ሄዱ።

እኔም አጎቴን ልጨቀጭቃቸው ወደ ማማው ሄድሁ። ጠጋ ስል...

ትከሻቸው ላይ ግሪሳ አርፏል።

አንዱ ደግሞ ራሳቸው ላይ።

ግሪሳ እንኳን ሰው፣ የተሰቀለ ጨርቅ ሲያይ ይሸሻል።

"አጎቴ!"

አልዞሩም።

"አጎቴ... ኧረ ይስሙኝ!"

የዞሩት ወፎቹ ናቸው። ሁሉም እኩል ዞረው አዩኝ።

ያኔ ከኋላዬ፣ ከደንገሉ መሃል...

ጧ!

አንዴ ብቻ።

ያ አላህ! "ኢስሀቅ! አትርጩ! ሰው አለ!" እየጮህሁ ጭቃው ውስጥ ሮጥሁ። አንደኛው መርጨት ጀምሯል። ቱቦውን ከእጁ ነጠቅሁት።

አጎቴ እያሳሉ ወጡ። እግራቸውን ረግረጉ ይዞባቸው ነበር። ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። ልገድላቸው ነበር እኮ!

እሳቸው ግን እኔን አያዩም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ማማውን ያያሉ።

"ተስኒም..." አሉ በሹክሹክታ። "ያ ማነው?"

"እርስዎ መስለውኝ..."

"ዝም በይ። አትጥሪው።"

ግሪሳው በሙሉ ከደንገሉ ተነሳ። ያ ሁሉ ወፍ ሲነሳ የአንድ ክንፍ ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

ማማው ላይ ወረደ...

አንድ በአንድ ጋቢው ስር ይገባ ጀመር።

ደመና የሚያክለው መንጋ ገብቶ አለቀ።

ጋቢው ግን አልተነፋም። አልተነቃነቀም።

አንድም ወፍ አልወጣም።