ሁለት ከሪማ ሰይድ

«የለም ማለት እንዴት የለም?» አለች ከሪማ። ነገ ጠዋት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ የመፈተኛ ካርድ ያልያዘ ደግሞ አውቶቡሱ ላይ አይወጣም።

«ከፈተናው ሳይት ከወረዱት ካርዶች ውስጥ ያንቺ የለም። ምዝገባውን ሳትጨርሺ ቀርተሽ ይሆናል» አላት ካርዱን የሚያድለው የኮምፒውተር ክበቡ አባል ሀፊዝ። ከሪማ እንባዋን እየጠረገች ከኮምፒውተር ክፍሉ ወጣች።

ሰልዋ እዚያው ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ገና አሥረኛ ክፍል ብትሆንም ካርዶቹን ያወረደችው እሷ ናት። አንድ በአንድ ከመልቀም ይሻላል ብላ አጭር ፕሮግራም ጻፈች፤ ፕሮግራሙ ራሱ ብሮውዘሩን ይከፍታል፣ የተፈታኙን ቁጥር ያስገባል፣ «አውርድ» የሚለውን ይጫናል፣ የወረደውን ፋይል በተማሪው ስም ያስቀምጣል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ስማቸው ይህን አይተው ለከተማው ውድድር ክበቡን ወክላ እንድትቀርብ አስበዋል። ከዚያ ወዲህ ሀፊዝ የሚጠራት «ኢንጂነሯ» እያለ ነው።

ነገሩ ግን አልዋጥ አላት። የከሪማን ቁጥር በእጇ አስገብታ ፈለገች፤ ካርዱ ወለል ብሎ መጣ። ከሪማ ሰይድ እንድሪስ፣ ቦሩ ሜዳ። ታዲያ የት ገባ? ያወረደችበትን ፎልደር ስትከፍት «ከሪማ ሰይድ» የሚል ፋይል አንድ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ፎቶ ደግሞ የሌላ ልጅ ነው። ከሪማ ሰይድ ዓሊ፣ የሆጤ ሰፈሯ።

ያን ጊዜ ገባት። ለፋይሉ ስም ስታወጣ የተማሪውንና የአባቱን እንጂ የአያቱን ስም አልጨመረችም። ደሴ ተወልዶ አድጎ እንዲህ ያለ ሞኝነት! መንገድ ላይ «ሰይድ» ብለው ቢጣሩ ግማሹ ሰፈር ዞር ይል የለም እንዴ? ሁለተኛዋ ከሪማ ስትወርድ የመጀመሪያዋን አጥፍታ በቦታዋ ተቀመጠች፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ «ተጠናቋል» ብሎ ዝም አለ። ሰልዋ አፈረች።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ሀፊዝ ከጀርባዋ ሆኖ ስክሪኑን እያየ። «አሁን አትሚና ስጫት። ሳይቱ ዘግይቶ ለቀቀው እንላለን። ማን ያውቃል?»

ሰልዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ፋይሉ ከእንግዲህ በስም ሳይሆን በተፈታኙ ቁጥር እንዲቀመጥ ፕሮግራሙን አስተካከለች። ሌላም የጠፋ እንዳይኖር ብላ ሁሉንም እንደ አዲስ አስወረደች። ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍም የመጨረሻው ፋይል እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሳችም። የጎደለው የከሪማ ብቻ ነበር፤ አተመችው።

በመስኮቱ የከሪማ አባት ድምፅ ይሰማል። «ምን አጠፋሽ አንቺ ልጅ? ይህን ያህል ለፍተሽ ምዝገባ ይዘነጋል?»

«ወላሂ አባቴ፣ ተመዝግቤያለሁ» ትላለች ከሪማ።

ሰልዋ ካርዱን ይዛ ተነሳች። ሀፊዝ እጅጌዋን ያዘ። «ውድድሩስ?»

«ይቅርብኛ» አለችው።

ወጥታ አባትየው ፊት ቆመች። «አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። እሷን አይቆጧት፤ ተመዝግባለች። ይኸው ካርዷ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ካርዱን ለልጃቸው ሰጧት። ከሪማ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ አንዴ አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ይሄኔ መምህር ስማቸው ከቢሮ ወጥተው ወደ እነሱ መጡ። ሀፊዝ በሩ ላይ ሆኖ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሰልዋ አይታዋለች። መምህሩ አጠገቧ እስኪደርሱ ጠበቀችና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።