የሚራመደው ብልሽት

ይህ በእውን የሆነ ነገር ነው። የነገረኝ የእናቴ ወንድም ገብረየስ ነው። እሱ ደግሞ ቀልድ ሲነገር እንኳ ፊቱ የማይፈታ፣ ለወሬ ያልተፈጠረ ሰው ነበር። ከራሴ የጨመርኩበት የለም።

ማመን የከበደው አይመን... እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ስቄያለሁ።

ነሐሴ 1970 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም የተፈታ ሰሞን። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት። ቦታው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ካሉት ቪላ ቤቶች አንዱ።

ሌሊት አይደለም። ጨለማ የለም። ዝናቡ እንኳ ለዚያን ቀን አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ገብረየስ የስልክ ኬብል መርማሪ ነበር። የሰው ስልክ ሲበላሽ፣ ብልሽቱ መሬት ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ የሚያገኘው እሱ ነው። መለኪያውን ከሽቦው ጫፍ ጋር ያገናኛል። መርፌው ሲረጋ ያነባል፣ በወረቀት ያሰላል። ከዚያ «ከዚህ ይህን ያህል ሜትር ላይ ቆፍሩ» ይላል። ሲቆፈር እዚያው ነው። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ክንድ በላይ ተሳስቶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ግን እንደ ብዙ ሰው ደንዝዞ ነበር።

ጠዋት መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ያያል። ቀን ምሳውን በልቶ ይውላል። ማታ ይተኛል። «ልቤ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ የጣሉበት ይመስለኝ ነበር» አለኝ። አያለቅስም፣ አይቆጣም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ይኖራል።

የተበላሸው የጓድ ሽፈራው ስልክ ነው። ሽፈራው ካድሬ ነው። ቪላው የራሱ አልነበረም። የቀድሞው ባለቤት የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ የለም።

ሽፈራው በረንዳው ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ።

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት ይሠራል» አለ።

«ኬብሉ ውሃ ገብቶት ከሆነ መቆፈር አለበት፣ ጓድ።»

«አልሰማኸኝም መሰለኝ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ካልሠራ አሻጥር ነው። እኔም የምጽፈው አሻጥር ብዬ ነው። ያንተንም የጓደኛህንም ስም ይዣለሁ።»

አሻጥር ተብሎ የተጻፈበት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር።

ጓደኛው ሱልጣን ነው። ሱልጣን ያለው በወዲያኛው የኬብሉ ጫፍ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የቦሌ መንገድ ዳር ካለው የስልክ ሳጥን አጠገብ ነው። ትርፍ ሽቦ ስላልነበረ በዚያው በተበላሸው መስመር ላይ በሙከራ ስልክ ይነጋገራሉ። የታመመ ሽቦም ቢሆን፣ እየተንኮሻኮሸ፣ ድምፅ ያሳልፋል።

በሥራው አንድ ልማድ አለ። አንዱ ከጫፍ ሆኖ «አለህ?» ሲል፣ ሌላው የያዘውን ጥሎም ቢሆን «አለሁ» ይላል። ጓደኛህ ጉድጓድ ውስጥ ይሁን ኤሌክትሪክ ይዞት ይሁን አታውቅም። ሳይመልሱ መቅረት ትልቅ ነውር ነው።

ሥራ ሊጀምር ሲል በአጥሩ በኩል አንዲት እናት ጠሩት። ጎረቤቷ ወይዘሮ ፈለቀች ናቸው።

«ልጄ... የኔንም እይልኝ እስቲ። ይደወልልኛል።»

አንድ ልጃቸው ዘርአጽዮን በሚያዝያ ከቤት ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ ከስልኩ አጠገብ አይነሱም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ገብረየስ መስመራቸውን ለካው። ንጹህ ነው።

«ደህና ነው፣ እማማ።»

«ተመስገን» አሉ።

ከዚያ የካድሬውን ለካ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሜትር።

ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ እርምጃ እየቆጠረ ሄደ። የደረሰበት ቦታ ባዶ ሜዳ ነው። ነሐሴ ነውና ሣሩ ጉልበት ይደርሳል... አንድ ጥግ ላይ ብቻ ምንም አልበቀለም። አፈሩ ተገልብጦ የተመለሰ ነው።

አንደኛው ሠራተኛ ዶማውን አላነሳም።

«ጌታዬ... እዚህ ጋ ባንቆፍር።»

«ኬብሉ በዳር ነው የሚያልፈው። ዳር ዳሩን ቆፍሩ።»

ቆፈሩ። ኬብሉ ወጣ። ደረቅ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም፤ ትናንት የተቀበረ ይመስላል።

ገብረየስ አልደነቀውም። ተሳስቻለሁ አለና አስደፍኖ ተመለሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ የሙከራ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ከሩቅ፣ ከኩሽኩሽታው ሥር...

«አለህ?»

«አለሁ» አለ።

መልሶ ለካ። ዘጠኝ መቶ አስር።

ወረቀቱን ቀደደና እንደገና አሰላ። ዘጠኝ መቶ አስር።

ብልሽት አይራመድም። ውሃ የገባበት ቦታ እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ሦስት መቶ ሜትር ተነስቶ አይመጣም። ይህን የስልክ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።

ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና፦

«አለህ?»

«አለሁ፣ ሱልጣን። ምነው?»

ኩሽኩሽታው ብቻ ነው የመጣው። ለካ። ስድስት መቶ አርባ።

አሁን ራሱ ደወለ።

«ሱልጣን፣ ምን ፈልገህ ነው የምትጠራኝ?»

«ማን? እኔ? ወላሂ አልጠራሁህም። ዳቦዬን እየበላሁ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መትቶሃል እንዴ?»

ሱልጣን ይስቃል። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

ሁለቱም ሰሙት።

«አለህ?»



«ገብሬ...» አለ ሱልጣን በሹክሹክታ። «ማነው?»

«እንጃ።»

«መስመሩ ላይ ሰው አለ።»

«ሽቦው ከሁለታችን ሌላ ጫፍ የለውም።»

«እሱን አውቃለሁ! አትመልስለት። ሰማኸኝ? አትመልስለት።»

አልመልስም አለ። ግን አስራ አንድ ዓመት የኖረ ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይተውም። ስምንት ተኩል ላይ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ሲልጥ ድምፁ መጣ... አፉ በራሱ ተከፈተ።

«አለሁ።»

ሁለት መቶ አስር ሜትር።

ገብረየስ ከበሩ ወጥቶ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ሁለት መቶ አስር ሜትር ላይ የቦኖ ውሃ አለ፤ ሴቶች እንስራና ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል። ያወራሉ፣ ይስቃሉ።

ሰልፉ መሐል ላይ ተከፈለ።

ማንም ማንንም ዞር በይ አላለም። ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ለሚያልፍ ሰው እንደሚደረገው ባልዲያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ክፍተቱ ተዘጋ።

ያለፈ ሰው የለም።

መፍራት ነበረበት። «መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ፍርሃቱ አልመጣልኝም» አለኝ። ወደ መለኪያው ተመለሰና ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ ጻፈ።

አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ሽፈራው ከቤት ወጣ። ሽጉጡን ታጥቋል።

«ምን ቀረህ?»

«ትንሽ ነው፣ ጓድ።»

«አርባ አምስት ደቂቃ ነው የቀረህ።»

ሽፈራው ተመልሶ ሲገባ ገብረየስ መለኪያውን አየ። አልነካውም፣ መርፌው ግን ቆሟል። ስልሳ ሜትር።

በስልኩ ሱልጣን እያለቀሰ ነበር። «ገብሬ፣ ልጆች አሉኝ። አንድ ነገር አድርግ። በአላህ፣ አንድ ነገር አድርግ...»

አንድ መንገድ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁሉም አድርጎታል። የባለሥልጣኑ ሽቦ ሲበላሽና ጊዜ ሲያጥር፣ ከአንድ ተራ ሰው ደህናውን ሽቦ ትነቅልና ለባለሥልጣኑ ትሰጣለህ። የታመመውን ለተራው ሰው ታስታቅፈዋለህ። እሱ አቤት ቢል ስድስት ወር ይጠብቃል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ከካድሬው ጋር በአንድ ምሰሶ ላይ የተያያዘው ስልክ አንድ ብቻ ነው። የወይዘሮ ፈለቀች።

ገብረየስ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። አራት ብሎን ነው። ሁለቱን ፈታ፣ ሁለቱን ፈታ፣ አለዋውጦ አሰረ። ሱልጣንም በወዲያኛው ጫፍ እንደዚያው አደረገ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሽፈራው ስልኩን አነሳ፣ ደወለ፣ ጮክ ብሎ አወራ፣ ሳቀ። ስማቸው የተጻፈበትን ወረቀት ጨምድዶ ጣለው።

«ታድያ ይሠራል አይደል? ስትፈልጉ ትችላላችሁ።»

ተረፉ።

ገብረየስ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መኪናው ሲሄድ ከአጥሩ ወዲያ ስልክ ጮኸ።

«ያን ጊዜ ነው ብርድ ልብሱ ከልቤ ላይ የተገፈፈው» ይላል። የሠራው ሥራ በአንድ ጊዜ ገባው። ሰውነቱ ሁሉ ፈራ። ዕቃውን ጥሎ ሮጠ። «አይመልሱ!» ሊላቸው ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ «እማማ፣ አይመልሱ» ሊላቸው...

በሩ ገርበብ ብሏል።

ወይዘሮ ፈለቀች እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አለሁ» አሉ። «አለሁ ልጄ... የት እሄዳለሁ? አለሁ።»

ገብረየስ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እማማ... ማን ነው?»

ዞር ብለው አዩት። ፊታቸው የሃያ ዓመት ሴት ፊት ሆኗል።

«ደርሻለሁ አለኝ» አሉ።

ስልኩን ቦታው ላይ አልመለሱትም። ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረጉት። ከእጀታው ውስጥ ምንም ድምፅ አይወጣም፤ ኩሽኩሽታው እንኳ የለም። ወደ ጓዳ ገቡ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው ወጡ። ወንበር ሳቡ፣ ሳፋውን ከወንበሩ ሥር አኖሩ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተንበረከኩ። ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚደረገው።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ቀስ እያሉ ያሹ ጀመር። ከተረከዝ እስከ ጣት... ከተረከዝ እስከ ጣት...

«እናትህ ትሙት፣ እንዲህ ሆነህ ነው የመጣኸው?» ይላሉ በለሆሳስ።

ውሃው ከመሐሉ ጀምሮ ጠቆረ። ከዚያ እስከ ሳፋው ዳር ጭቃ ሆነ።

ገብረየስ የዘርአጽዮንን መልክ አያውቅም። የመጣው ዘርአጽዮን ይሁን ወይም የሌላ እናት ልጅ፣ እስከ ዛሬ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ያን ጊዜም ሊጠይቅ አልደፈረም። እንባው ግን በሁለት ጉንጩ ይወርድ ነበር፤ በስንት ዓመቱ።

ወይዘሮ ፈለቀች ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ከመደርደሪያው ላይ ጨው አቀብለኝ። እግሩ ቆስሏል።»

ሮጦ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም። የጨውን ጣሳ አንስቶ አቀበላቸው።

አንድ ጭብጥ ወሰዱና ውሃው ውስጥ በተኑት።

ባዶው ወንበር ሲጢጥ አለ... ሕመሙ የተሰማው ሰው በጥርሱ መሐል አየር ሲስብ ሁለቱም ሰሙት።