የማናለብሽ ጆሮ

«ጆሮዬን ስነካ አንደኛው መልስ ነው። ከረባቴን ስነካ ሁለተኛው። ሰዓቴን ስነካ ሦስተኛው። ገባችሁ?»

«የስ ሰር!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ማናለብሽ እጇን አወጣች። ነገ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መስማት ፈተና ነው። ፈረንጅ ፈታኝ ዳንግላ ድረስ መጥቶ ታሪክ ያነባል፤ ተማሪው ሰምቶ ከሦስት መልስ አንዱን ይመርጣል። ያለፈ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። የወደቀ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ለማናለብሽ ያ ማለት ዘንገና ነው፣ ትምህርት ቤት የሌለበት።

«ጋሼ፣ ምልክቱ ለምን አስፈለገ?» አለች ተነስታ።

«ለእናንተው ብዬ ነዋ!» አሉ አስተማሪው አቶ አዝመራው። «አገውኛ የለመደ ጆሮ ፈረንጅ ሲፈጥንበት ምን ይይዛል?»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ከሳቁት ብዙዎቹ እቤታቸው ከአገውኛ ሌላ አያወሩም፤ ማናለብሽን ይበልጥ ያነደዳት ይኸ ነው።

«አማርኛውንስ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁ መሰለዎት? እዚህ ገበያ ተቀምጬ በጆሮዬ ነው የለቀምሁት። አማርኛን ያስገባ ጆሮ እንግሊዝኛ ሲመጣ በሩን ይዘጋል?»

ሳቁ ወደ አቶ አዝመራው ዞረ። «ቁጭ በይ! ነገ ምላስሽ ሲያሳልፍሽ እናያለን!»

አቶ አዝመራው ተንኮለኛ አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ተማሪ ከወደቀ አለቃ ይወቅሳቸዋል። ነገር ግን የራሱን ፍርሃት በተማሪው ጆሮ የሚያሳብብ አስተማሪ ከተንኮለኛም ይብሳል።

ከትምህርት በኋላ ከጓደኛዋ ከሐቢባ ጋር ወደ ሐቢባ አባት ሱቅ ሄዱ። ባንኮኒው ላይ ያለው ራዲዮ በእንግሊዝኛ ዜና ያወራል። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱ እዚሁ ቆመው ሰምተዋል። ማናለብሽ እያንዳንዱን ቃል አታሳድድም። በልጅነቷ ከአክስቷ ጎን ድንች ስትሸጥም እንዲሁ ነበረች፤ የማታውቀውን ታሳልፋለች፣ ነገር የሚያዞረውን ቃል ትይዛለች። ገዢ «ግን» ካለ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው። እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ «ባት» ሲሉ ጆሮ ማቆም፣ «ኢንስቴድ» ሲሉ የፊተኛውን መጣል፣ «አት ላስት» ሲሉ መደምደሚያውን መጠበቅ።

«ምን አለ?» አለች ሐቢባ።

«መርከቡ ማክሰኞ ሊነሳ ነበር። ባት፣ ማዕበል መጣ። ሐሙስ ይነሳል።»

«ወላሂ ጉድ ነሽ! እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንዲያም ሆኖ ነገ እጃቸውን ብታዪ ምን ይጎድልብሻል?»

«ካየሁ ማን እንዳለፈ በምን አውቃለሁ? እኔ ልሁን የጋሼ ከረባት?»

ሐቢባ ከት ብላ ሳቀች። «ብትወድቂስ?»

ማናለብሽ ጆሮዋን ወደ ራዲዮው አስጠጋች።

በማግስቱ ፈረንጁ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል አነበበ። ይፈጥናል፤ የቃላቱን ጫፍ ይውጣል። የመጀመሪያው ታሪክ ከአንድ ገበሬና ከጠፋ በቅሎው ጋር ነጎደ። ማናለብሽ መካከሉ ላይ «ኢንስቴድ»ን ያዘች፤ መጨረሻው ግን ደበዘዘባት። አንደኛው ይሆን ሁለተኛው? እርሳሷን እንዳነሳች ቀና አለች።

አቶ አዝመራው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ከረባታቸውን ያስተካክላሉ።

ላታይ ነበር፤ አየች። ወዲያው ሁለተኛው መልስ ትክክል መሰላት፤ ድሮም እሱን ልትመርጥ የነበረ ያህል። ከጆሮዋ ይምጣ ከዓይኗ መለየት አቃታት። ዙሪያዋን እርሳሶች ተንጫጩ። አንድ ነጥብ ደብረ ማርቆስን ሊያሳጣት ይችላል፤ ይህን ታውቃለች።

እርሳሷን አስቀመጠች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባዶ ተወችው።

ፈረንጁ ገጽ ገልብጦ ሁለተኛውን ታሪክ ሲጀምር ማናለብሽ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ሐቢባ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። አልገለጠችም።