ስምንቱ ጫፎች

«አልሞቱም እኮ» አለች አክስቷ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ሚጣ፣ ነይ እይ። አንዱም አልሞተም።»

አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም አክስቷ ሚጣ ማለቷን አልተወችም። ሚጣ አጎንብሳ አየች። ከሳህኑ በሦስተኛው ረድፍ፣ በስምንቱ ጉድጓዶች ውስጥ ሴሎቹ ደልቷቸው ተንጋለዋል። በሌሎቹ ረድፎች ግን ተኮማትረውና ተሰባብረው አልቀዋል።

ሴል ክፉኛ ሲጎዳ ራሱን በራሱ የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው። አክስቷ ያንን ሥርዓት የሚያግድ ነገር ከቅጠልና ከሥር እየጨመቀች ስትፈልግ ሁለት ዓመቷ ነው። እስካሁን ሁሉም መና ቀርቷል። ዘመድ «ቅጠል በጣሿ» እያለ ይስቅባታል። ሚጣ ግን ትወዳታለች፤ የራሷን ሳህን ሰጥታ እንደ ትልቅ ሰው የምታሠራት እሷ ብቻ ናት።

«ትናንት በየረድፉ ባለው የተለያየ ቅጠል ጭማቂ ላይ መርዙን የጨመርሽው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ ይባረክ» አለችና ጉንጯን ሳመቻት። «ሰኞ ለትምህርት ቤትሽ ኤግዚቢሽን ይዘሽው ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ ለአለቃዬ ልደውል። ያ ሰውዬ ዛሬ እንኳ ፈገግ ይል ይሆናል።»

ሚጣ ጠረጴዛውን ልታጸዳ መርዙ የሚንጠባጠብበት የፒፔት ጫፎች የሚደረደሩበትን ሣጥን አነሳች። ባዶ መሆን ነበረበት። የአክስቷ ሕግ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አዲስ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ቆሻሻ። ጫፎቹንም በጉድጓዶቹ ልክ ቆጥራ የደረደረችው ራሷ ሚጣ ናት። ሣጥኑ ውስጥ ግን ስምንት ቀርተዋል።

ሚጣ ክው አለች። ትናንት ሁለተኛውን ረድፍ እንደጨረሰች አክስቷ የአያቷን አነጋገር አስመስላ በሳቅ ገድላት ነበር። ከሳቁ በኋላ ሚጣ የቀጠለችው ከአራተኛው ነው። ቅጠሉ ማንንም አላዳነም፤ መርዙ አልደረሳቸውም።

ስምንቱን ወደ ቆሻሻው ብትገለብጣቸው ማንም አያውቅም። አክስቷ የአለቃዋን ቁጥር እየፈለገች ታንጎራጉራለች። እንዲህ ደስ ብሏት ካየቻት ስንት ጊዜ ሆነ። ግን ዝም ካለች አክስቷ ይህንኑ ቅጠል ወራት ሙሉ ስታሳድድ ትከርማለች።

«አክስቴ፣ ቆይ፣ አትደውይ።»

ሣጥኑን ፊቷ አስቀመጠችው። አክስቷ በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ሦስተኛው ረድፍ?»

«ሦስተኛው ረድፍ። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

አክስቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። በኋላ እጇን ዘርግታ የሚጣን ጸጉር አበጣጠረችው።

«ማሞቂያው ውስጥ አንድ ሳህን ሴል ቀርቶናል» አለች።

ሚጣ አዲስ ጓንት አጠለቀች። ሳህኑን አወጣችና ጫፎቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ደረደረች።

«እስክጨርስ ግን እንዳታስቂኝ» አለች።