ሁለት ባለቤት ያላት መንደር

ሾፌሩ የጭነት መኪናውን ከጥርጊያው መንገድ አውጥቶ ወደ ሸለቆው ቁልቁለት ባስገባው ጊዜ፣ ከኬላው የተተኮሰ ጥይት የጎን መስታወቱን አረገፈው።

«ጋሽ ፍሬን!» ብላ ጮኸች አጠገቡ የተቀመጠችው የመጋዘን ኃላፊ፣ ባልደረቦቹ ስለ ጥንቃቄው ባወጡለት ስም። «ዛሬ ፍሬን ይያዙና እንቀያየማለን!»

ከወንዙ ማዶ ያለችውን መንደር ሁለት ክልሎች የእኔ ናት ይላሉ። ከአርባ ቀን በፊት ሾፌሩ ዛሬ እንደጫነው ያለ የእርዳታ ስንዴ ይዞላት ሲሄድ፣ በጭነት ወረቀቱ ላይ የማዶው ክልል ስም ሰፍሮ ነበርና የወዲህኛው ኬላ አላሳልፍ አለው። ሾፌሩም ወረቀት አክባሪ ነበርና ሳይከራከር ተመለሰ። በመንደሯ ታላቅ እህቱ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ በጨበጠ ቁጥር፣ ከጆንያዎቹ መካከል ሕፃን ሲያስል ይሰማዋል።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የአቧራ ማዕበል ፀሐይን ዋጣት። የመጋዘን ኃላፊዋ ወርዳ፣ ገደሉን በበትር እየዳበሰች መኪናውን ከፊት መራችው። አቧራው ሲገለጥ ጅቦች በጠራራ ቀትር ከወንዙ ዳር ተኝተው ታዩ። ሰው አይተው አልሸሹም። ዘላ ጋቢና ገባች።

«እነዚህስ ቁርበት አንጥፉልን አይሉም፤ አገሩን ለምደውታል።»

«ምን እየበሉ ለመዱት?» አለ ሾፌሩ።

ጥሩምባውን እየነፋ በመካከላቸው ሰንጥቆ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውኃው እስከ በሩ ወጣ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ታነቀ፤ በሦስተኛው እያቃሰተ ማዶውን ቧጠጠ።

እዚያም የማዶው ክልል ታጣቂዎች ቆመው ነበር። አለቃቸው ፈገግ ብሎ አንድ መዝገብና የአሻራ ቀለም አቀበለው።

«ስንዴው ይለፍ፤ ወገኖቻችን ናቸው። ብቻ የተቀበለ ሁሉ የእኛ ሰው ለመሆኑ አውራ ጣቱን ያሳርፍ። መዝገቡን ሲመለሱ እዚሁ እንረከብዎታለን።»

መንደሯ ሲደርሱ አንድም ሰው አልወጣም። እህቱ ብቻ ከደጃፏ ተቀምጣለች፤ ከሰውነቷ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነው።

«የማንን መዝገብ ይዘህ መጣህ?»

«እትዬ፣ ስንዴ ነው ያመጣሁት።»

«ዓምና ከወንዙ ወዲያ ያሉትን መዝገብ ፈረምን፤ እነዚህ መሻገሪያው ላይ ያሉት መጥተው ሦስት ሰው ወሰዱብን። የእነዚህን ብንፈርም እነዚያ ይመጣሉ። ራብ ይሻለናል፤ እሱ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚወስደን።»

«ልጅቷስ?»

«ያን ጊዜ ከኮረብታው ላይ ሆና አይታህ ነበር። ‹አጎቴ መጣ› አለች። ቀጥላ ‹ዞረ› አለች።» ከኮረብታው ሥር ወዳለው ትንሽ አዲስ መቃብር በአገጯ ጠቆመችው።

ሾፌሩ መዝገቡን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈ፤ በሁለተኛውም፤ በሦስተኛውም።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ወህኒ ያስወርዳል!» አለች የመጋዘን ኃላፊዋ።

«መቶ ስድሳ ቤት ነው፤ የሚጠየቅበት የእኔ ጣት ይሁን። ጆንያውን አውርጂ።»

በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ያልተከፈቱትም ብዙ ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ደጃፍ ላይ ድርሻቸው ተቀመጠ፤ ማንም አልነካውም። ሾፌሩ የመጨረሻውን መስመር አትሞ፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ ታጣቂዎቹ ወደሚጠብቁት መሻገሪያ ነዳ። ከውኃው ዳር ሲደርስ ወረደ። በቀለም የጠቆረ እጁን ግን አልታጠበም።