ከረቫቱን ያሰረለት እጅ

ሟቹ ስብሰባ ላይ እንዳለ ነው የሞተው፤ ቢያንስ ፖሊስ የጠሩት ሰዎች ያሉት እንደዚያ ነው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ወደ ጠርሙስ ፋብሪካው መሰብሰቢያ ክፍል ስትገባ፣ ሽማግሌው ሙሉ ልብሱን ከነከረቫቱ ግጥም አድርጎ ለብሶ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሏል። ከፊቱ የተቀመጠውን ውሃ ማንም አልነካውም።

ሌሎቹ ሦስት ናቸው፤ የማሽን ሻጩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ከሟቹ ጋር ከአገራቸው የመጣው የእህቱ ልጅ እና ገዢው ባለፋብሪካ።

«ልቡ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሳትጠይቀው። «ስለ ዋጋ እየተነጋገርን ሳለ ክንብል አለ።»

«ሥራው ምን ነበር?»

«አማካሪ። እኔ፣ እሱና ልጁ የገባነው በንግድ ጎብኚ ቪዛ ነው። ተነጋግረን፣ ተዋውለን መመለስ። ካቻቢቴ እንኳን አልነካንም።»

«ስለ ካቻቢቴ መች ጠየቅሁዎት?»

እሷ የሟቹን እጅ አነሳች። ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ የጥፍሮቹ ጥግ ግን ጥቁር ነው። መዳፉ ላይ ጭረት አለ። የቀለበት ጣቱን ነጭ መስመር ዞሮታል።

«ቀለበቱስ?»

«ሆቴል ረስቶት ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጋሼ ቀለበቱን አይረሳም» አለ ልጁ፣ ከአፉ አምልጦት።

«መቼ ነው የሚያወልቀው ታዲያ?»

ልጁ መሬት መሬቱን አየ። ባለፋብሪካው ደግሞ መስኮቱን፤ ከውጭ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ አዳራሽ ወረደች። መሙያ ማሽኑ ቆሟል፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ክፍት ነው። ከሳጥኑ አናት ላይ፣ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ፣ አንድ የጋብቻ ቀለበት ተቀምጧል።

ክዳኑን እንደያዘች ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቁጭ በሉ። ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ቀለበቱን ያወልቃል። ማሽኑን ሲጠግን ኤሌክትሪኩ ያዘው። እናንተ ቱታውን አውልቃችሁ፣ እጁን አጥባችሁ፣ ተሰብሳቢ አደረጋችሁት። ቀለበቱ ግን ትዝ አላላችሁም። ሥራ ላይ ሁሌም የምታዩት ባዶ ጣቱን ስለሆነ አልጎረበጣችሁም።»

«እሺ፣ ሠርቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በዚህ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ከታወቀ ዳግመኛ እዚህ አገር አንገባም። ግን የሞተ ሰው ልብስ መቀየር መግደል ነው እንዴ?»

«የሞተ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ።»

የሟቹን የሸሚዝ እጅጌ ቁልፍ ፈታች። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ደም ጠጥቷል።

«ይህ የመዳፉ ጭረት ደም ነው፤ የቆመ ልብ እንዲህ አያደማም። ሸሚዙን ሲለብስ በሕይወት ነበር። ደሙን ያየው ሰው እጅጌውን አጥፎ ቆለፈው።»

«ማን?» አለ ባለፋብሪካው።

«የእርስዎ አንገት ባዶ ነው። የሥራ አስኪያጁ የከረቫት ቋጠሮ ሰፊ ነው። የሟቹ ትንሽ ነው፣ ወደ ግራም ያዘነብላል።»

ሁሉም ወደ ልጁ አንገት ዞሩ። እጁ ሳያስበው ቋጠሮውን ሸፈነው።

«አምቡላንስ እንጥራ ብዬ ነበር» አለ። «አለቃ ‹መጀመሪያ ልብሱን› አለኝ።»

«ታዲያ የገደለው ማነው?» አለ ባለፋብሪካው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስልክ የያዘ ሁሉ» አለችው። እሱም የገዛ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ ምንም አላለህም?» ስትል ልጁን ጠየቀችው።

«ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ከረቫቱን ሲያየው ገባው መሰለኝ። እንዳይቸግረኝ አገጩን ቀና አደረገልኝ።»

መርማሪዋ ክዳኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ለሚስቱ የምታደርሰው አንተ ነህ።»

ልጁ ቀለበቱን አየው። ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።